ወደ ሰማይ የሚጫን ዕቃ ኪሎው ስንት ነው?

የሳተላይት ማጓጓዣ ገበያና የድሬዳዋ ነጋዴ

ድሬዳዋን የቆረቆራት የማጓጓዣ ዋጋ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከጅቡቲ የተነሣው ምድር ባቡር ተራራውን ወጥቶ ሐረር ይግባ ቢባል ወጪው የሚቻል ሆኖ ስላልተገኘ ሐዲዱ በቆላው በኩል እንዲያልፍ ተደረገ። እ.ኤ.አ. በ1902 መጨረሻ ባቡሩ ከተራራው ግርጌ ደረሰ፤ በደረሰበት ቦታ ገበያ ቆመ፣ ገበያውም ከተማ ሆነ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የከተማዋ አስመጪ፣ ትራንዚተርና ደላላ ስለ ማንኛውም ዕቃ አስቀድሞ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ። ማጓጓዣው ስንት ነው?

ይኸው ጥያቄ ዛሬ ወደ ሰማይ ለሚላክ ዕቃም ይጠየቃል። መልሱም እንደ ድሮው የመንግሥታት ምስጢር ሳይሆን እንደ ማንኛውም ሸቀጥ የዋጋ ዝርዝር የወጣለት ሆኗል። ስፔስኤክስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ዋጋ፣ ክብደቱ እስከ 50 ኪሎ ግራም ለሆነ ሳተላይት የማጓጓዣ ሒሳቡ 300 ሺህ ዶላር ነበር። ከ50 ኪሎ በላይ ለሚጨመር ለእያንዳንዱ ኪሎ ደግሞ 6 ሺህ ዶላር ይታሰብ ነበር። ኩባንያው ይህን የጋራ ጭነት አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ2019 ሲጀምር ለ200 ኪሎ 1 ሚሊዮን ዶላር፣ ማለትም ለአንድ ኪሎ 5 ሺህ ዶላር ጠይቆ ነበር። ዋጋው በአምስት ዓመት ውስጥ ጨምሯል። ይሁን እንጂ ገዢ አላጣም።

ከገዢዎቹ አንዷ የድሬዳዋ የቅርብ ጎረቤት ናት። ኅዳር 1 ቀን 2016 ዓ.ም. ከካሊፎርኒያ ቫንደንበርግ የተነሣው ፋልከን 9 ሮኬት ከጫናቸው በርካታ አነስተኛ ሳተላይቶች መካከል ጅቡቲ 1ኤ የተባለችው ትገኝበታለች። በፈረንሳይ አገር በሞንፔልዬ ዩኒቨርሲቲ የሕዋ ማዕከል የጅቡቲ መሐንዲሶች እየሠለጠኑ የተሠራች፣ አንድ ኪሎ ያህል የምትመዝን፣ በእጅ መዳፍ የምትያዝ ሣጥን ነች። ሥራዋም የመልእክተኛ ሥራ ነው። በጅቡቲ በረሃ የዝናቡን፣ የሙቀቱንና የውኃውን መጠን ከሚለኩ ጣቢያዎች ላይ መረጃ እየሰበሰበች ወደ ማዕከሉ እንድታደርስ የተሠራች ነች። ስልክ በማይደርስበት ቦታ ሠራተኛ በመኪና ልኮ ማስነበብ የሚጠይቀውን ነዳጅና የቀን አበል የሚያውቅ ሰው ጥቅሟን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያሻውም። ሁለተኛዋም ጅቡቲ 1ቢ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 ተከትላታለች።

ዝቅ ያለው መንገድ

ለመሆኑ እነዚህ ሳተላይቶች ከቀድሞዎቹ በምን ይለያሉ? ልዩነቱ በከፍታው ነው። በየቤቱ ጣሪያ ላይ ያለው የቴሌቪዥን ሰሃን አንድ አቅጣጫ ብቻ ይዞ የሚቆመው፣ የሚያየው ሳተላይት ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ርቆ ከምድር ጋር እኩል ስለሚዞር ነው። እዚያ ላይ የተቀመጠ አንድ ሳተላይት የአንድ አህጉርን ያህል ስፋት ይሸፍናል። ነገር ግን ርቀቱ ዋጋ ያስከፍላል። በዚህ መንገድ የሚላክ ጥያቄ መልሱን ይዞ እስኪመለስ ከግማሽ ሴኮንድ በላይ ይፈጃል። ለቴሌቪዥን ምንም አይደለም፤ ለስልክ ንግግርና በኢንተርኔት ለሚደረግ ክፍያ ግን ያስቸግራል።

ዝቅተኛው ምሕዋር ከዚህ በጣም የቀረበ ነው። የስታርሊንክ ሳተላይቶች በ550 ኪሎ ሜትር፣ የኢሪዲየም በ780፣ የዋንዌብ በ1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይዞራሉ። ከድሬዳዋ አዲስ አበባ በመኪና የሚሄድ ሰው የሚጓዘው መንገድ ከመጀመሪያው ብዙም አያንስም። በመሆኑም መልእክቱ በሴኮንድ መቶኛ ክፍልፋዮች ውስጥ ደርሶ ይመለሳል። 

ይሁን እንጂ ዝቅ ያለው መንገድም የራሱ ዕዳ አለበት። በዚህ ከፍታ ያለ ሳተላይት በሰዓት ከ25 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ እየከነፈ ምድርን በአንድ ሰዓት ተኩልና በሁለት ሰዓት መካከል ይዞራል። ከአንድ ከተማ ሰማይ ላይ የሚቆየው ለጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ነው። አገልግሎቱ ሳይቋረጥ እንዲቀጥል አንዱ ሲያልፍ ሌላው መተካት ስላለበት ብዙ ሳተላይቶች ያስፈልጋሉ። ከዚህም ሌላ የስታርሊንክን ዓይነት ሳተላይት ዕድሜው አምስት ዓመት ያህል ነው። ከዚያ በኋላ ወደ ምድር አየር ወርዶ ይቃጠላል፤ በቦታውም ሌላ ይጫናል። ስለዚህ የዚህ ንግድ ሕይወቱ የማጓጓዣ ዋጋ ነው። ኪሎው ከተወደደ ንግዱ ይሞታል፤ ከረከሰ ይኖራል።

የሚቃጠለው ተሳቢ

ዋጋው ለምን ረከሰ? ለዚህ የድሬዳዋ ሰው ከጭነት መኪና የተሻለ ምሳሌ አያገኝም። አንድ ተሳቢ መኪና ከጅቡቲ አንድ ጊዜ ብቻ ጭኖ መጥቶ ዕቃውን ካራገፈ በኋላ የሚቃጠል ቢሆን የስኳሩ ዋጋ ስንት በሆነ ነበር? የሮኬት ሥራ ለረጅም ዘመን ይኸው ነበር። ሞተሩ፣ ታንኩና መሣሪያው ሁሉ አንድ ጊዜ ተነሥቶ ባሕር ውስጥ ይሰጥማል።

ስፔስኤክስ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2015 የፋልከን 9ን የታችኛውን ክፍል ለመጀመሪያ ጊዜ በእግሩ መሬት ላይ አሳረፈ። በመጋቢት 2017 ደግሞ ቀድሞ የበረረውን ክፍል እንደገና ጭነት አስይዞ ላከ። ከእነዚህ አንዱ እ.ኤ.አ. በ2025 ሠላሳኛ ጉዞውን አድርጓል። እ.ኤ.አ. በ2022 ለአንድ ሙሉ ሮኬት የተጠየቀው ዋጋ 67 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ሮኬቱ የታችኛውን ክፍል መልሶ እያሳረፈ 17 ቶን ያህል ወደ ዝቅተኛው ምሕዋር ስለሚያደርስ፣ ሙሉ ጭነት ላለው ደንበኛ ኪሎው 4 ሺህ ዶላር አካባቢ ይመጣል ማለት ነው። የጋራ ጭነት ኪሎ ከሙሉ ጭነት ኪሎ መወደዱ ለነጋዴ አዲስ ነገር አይደለም፤ በኮንቴይነርም ቢሆን እንዲሁ ነው። 

ይሁንና ሙሉ ኮንቴይነር የማይሞላለት ሰው ተጋርቶ ይጭናል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው እንዲሉ፣ አንዲት ኪሎ የምትመዝነው የጅቡቲ ሣጥን ሙሉ ሮኬት ተከራይታ መሄድ ፈጽሞ ባልቻለችም ነበር።

የኢትዮጵያም ሁለት ሳተላይቶች የሄዱት በዚሁ የጋራ ጭነት ሥርዓት ነው። ኢቲአርኤስኤስ 1 የተባለችው ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ታይዩዋን ማምጠቂያ በሎንግ ማርች 4ቢ ሮኬት ተነሣች። የሮኬቱ ዋና ጭነት የቻይናና የብራዚል የጋራ ሳተላይት ሲሆን፣ 70 ኪሎ ያህል የምትመዝነው የኢትዮጵያ ሳተላይት ተደርባ የተጫነች ነበረች። ሁለተኛዋ፣ 8.9 ኪሎ የምትመዝነው ኢቲ ስማርት አርኤስኤስ፣ ታኅሣሥ 13 ቀን 2013 ዓ.ም. ከዌንቻንግ በሎንግ ማርች 8 የመጀመሪያ በረራ ከሌሎች አራት ሳተላይቶች ጋር ሄዳለች። ሁለቱም የምድርን ፎቶግራፍ የሚያነሡ እንጂ የመገናኛ ሳተላይቶች አልነበሩም። መቆጣጠሪያቸው በእንጦጦ ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ ቢሠራ ጥሩ ትምህርት ይገኛል። የመጀመሪያዋ ሳተላይት ፕሮጀክት ጠቅላላ ወጪ 8 ሚሊዮን ዶላር ያህል እንደነበረና ከዚህም 6 ሚሊዮኑን ቻይና እንደሸፈነች በወቅቱ ተገልጿል። 70 ኪሎ ዕቃ ከላይ በተጠቀሰው የ2024 የጋራ ጭነት ዋጋ ቢጫን 420 ሺህ ዶላር ይመጣል። ኢትዮጵያ የተጠቀመችው የቻይናን ሮኬት ስለሆነ ይህ የተከፈለው ዋጋ ነው ማለት አይደለም። ነገር ግን መጠኑን ያሳያል። በአነስተኛ ሳተላይት ሥራ ትልቁ ወጪ ማጓጓዣው መሆኑ ቀርቷል። ትልቁ ወጪ ዕቃው ራሱ፣ የምድሩ ጣቢያና ባለሙያ ማሠልጠኛው ሆኗል።

የኪሳራው መዝገብ

ማጓጓዣው ረከሰ ማለት ግን ትርፍ ተገኘ ማለት አይደለም። በዚህ ገበያ ውስጥ ከነጋዴው ይልቅ የከሳሪው መዝገብ ይወፍራል።

ኢሪዲየም የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በግንቦት 1997 የመጀመሪያ ሳተላይቶቹን አመጠቀ። በአሜሪካ፣ በሩሲያና በቻይና ሮኬቶች እያፈራረቀ 66 ሳተላይቶች የሚሠሩበትን መረብ ዘረጋ። በኅዳር 1998 አገልግሎት ጀመረ፤ በነሐሴ 1999 ግን ከሰረ። አምስት ቢሊዮን ዶላር ያህል የፈሰሰበት ሥራ በ25 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ስህተቱ በሮኬቱ ወይም በሳተላይቱ አልነበረም። ስልኩ ትልቅና 3 ሺህ ዶላር አካባቢ የሚያወጣ ሲሆን፣ ድርጅቱ ዕቃውን እስኪያዘጋጅ ድረስ የተለመደው የሞባይል ስልክ በየከተማው ገብቶ ረክሶ ነበር። ገበያው ቀድሞት ሄደ። ኢሪዲየም ግን ዕዳው ተራግፎለት ለመርከበኞች፣ ለወታደሮችና በሩቅ ቦታ ለሚሠሩ ሰዎች በመሸጥ ዳነ። እ.ኤ.አ. ከ2017 እስከ 2019 መጀመሪያ ድረስም በፋልከን 9 በስምንት ጉዞ 75 አዳዲስ ሳተላይቶች አስጭኗል።

ግሎባልስታር የተባለው ተፎካካሪው በመስከረም 1998 ዜኒት በተባለ ሮኬት የጫናቸው 12 ሳተላይቶች በአንድ ቀን ጠፉበት። በ2002 እርሱም ኪሳራ አወጀ።

ከኢትዮጵያውያን ዘንድ የማይረሳው ደግሞ ወርልድስፔስ ነው። በኢትዮጵያ የተወለደው ኖኅ ሳማራ እ.ኤ.አ. በ1990 ያቋቋመው ይህ ኩባንያ ለአፍሪካና ለእስያ ሬዲዮ በሳተላይት ለማድረስ የተነሣ ነበር። አፍሪስታር የተባለው ሳተላይቱ ጥቅምት 18 ቀን 1991 ዓ.ም. ከደቡብ አሜሪካ ኩሩ ማምጠቂያ፣ አርያንስፔስ በተባለው የፈረንሳይ የማመላለሻ ድርጅት አርያን 4 ሮኬት ተጫነ። አርያንስፔስ እ.ኤ.አ. በ1980 የተቋቋመ የመጀመሪያው የሮኬት ጭነት ነጋዴ ነው። አፍሪስታር የተቀመጠው በከፍተኛው ምሕዋር ስለነበር ብዙ ሳተላይት አላስፈለገውም። ኩባንያው በነሐሴ 2005 በናስዳክ የአክሲዮን ገበያ አንዱን አክሲዮን በ21 ዶላር ለሕዝብ ሸጠ። ነገር ግን ልዩ መቀበያ ሬዲዮ ገዝቶ በየወሩ የሚከፍል በቂ ደንበኛ አላገኘም። በጥቅምት 2008 ኪሳራ አወጀ፤ የ21 ዶላሩም አክሲዮን ዋጋ አልባ ሆነ። ሳተላይቱ ሰማይ ላይ ነበር፣ ድምፁም ይሰማ ነበር። የታጣው ከፋይ ነው።

የመድኑም ነገር ትኩረት ይሻል። እ.ኤ.አ. መስከረም 1 ቀን 2016 ፋልከን 9 ሮኬት ከመነሣቱ ሁለት ቀን በፊት በሙከራ ላይ ሳለ ፈነዳ፤ አሞስ 6 የተባለውንም የእስራኤል ሳተላይት አቃጠለ። በዚህ ሳተላይት ላይ ፌስቡክ ከዩቴልሳት ጋር ሆኖ ከሰሃራ በታች ላሉ የአፍሪካ አገሮች ኢንተርኔት ለማቅረብ ኪራይ ይዞ ነበር። ለአስመጪ የሚገርመው፣ ሮኬቱ ከመነሣቱ በፊት የሚደርስ አደጋ የሚሸፈነው በተለመደው የመርከብ ጭነት መድን ገበያ መሆኑ ነው። የማምጠቂያው መድን የሚጀምረው ሞተሩ ተለኩሶ ሲነሣ ነው። ዕቃው ከመጋዘን ወጥቶ መርከብ ላይ ሳይጫን ወደብ ላይ የተቃጠለበት ሰው የትኛው ውል እንደሚሸፍነው ሲከራከር የነበረበትን ጊዜ የሚያስታውስ ትራንዚተር ይህን በቀላሉ ይረዳዋል።

የፖለቲካውም አደጋ አለ። ዋንዌብ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 ከሰረ፤ የእንግሊዝ መንግሥትና ባርቲ የተባለው የህንድ ድርጅት ገዝተው አስነሡት። በመጋቢት 2022 ግን በዩክሬን ጦርነት ምክንያት 36 ሳተላይቶቹ ካዛክስታን ውስጥ ባይኮኑር ማምጠቂያ እንደደረሱ ሮኬት ተከልክለው ቀሩ። ድርጅቱ በዚህ ጉዳይ 229 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ከሒሳቡ ላይ በኪሳራ መዘገበ። የተረፉትን በአሜሪካና በህንድ ሮኬቶች አስጭኖ መረቡን በመጋቢት 2023 ጨረሰ። የሰማዩም ቢሆን አይታመንም። በየካቲት 2022 ስታርሊንክ በአንድ ጊዜ ካመጠቃቸው 49 ሳተላይቶች እስከ 40 የሚደርሱት በፀሐይ ማዕበል ምክንያት ወዲያው ወድቀው ተቃጥለዋል።

ለድሬዳዋ ምኗ ነው?

ይህ ሁሉ በአሸዋ ሜዳ ወይም በታይዋን ገበያ ለሚነግድ ሰው ምኑ ነው የሚል ይኖራል። ሦስት ምክንያቶች አሉ።

አንደኛው የመስመር ጉዳይ ነው። ኢትዮጵያ ከውጭው ዓለም ጋር ከምትገናኝባቸው ዋና ዋና የኢንተርኔት በሮች አንዱ ጅቡቲ ነው፤ ድሬዳዋም የሐዲዱ ብቻ ሳይሆን የዚሁ መስመር መተላለፊያ ነች። እ.ኤ.አ. በ1894 የተጀመረው የመጀመሪያው የአገሪቱ የስልክ መስመር 477 ኪሎ ሜትር ተዘርግቶ ከሐረር አዲስ አበባ መግባቱ ሲታሰብ፣ ወሬ በምሥራቅ በኩል መግባቱ የቆየ ልማድ ነው። ችግሩ ከጅቡቲ ወዲያ ባለው ባሕር ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 በቀይ ባሕር ውስጥ ሦስት ኬብሎች ተቆረጡ። በሚሳይል ተመትታ የነበረችው ሩቢማር የተባለች መርከብ እየሰጠመች ስትንሳፈፍ በመልሕቋ ጎትታ ሳትቆርጣቸው አልቀረችም ተብሎ ይታመናል። በመስከረም 2025 ደግሞ ጅዳ አጠገብ ሌሎች ተቆርጠዋል። ክፍያ በሞባይል፣ የጉምሩክ ዲክላራሲዮን በኮምፒዩተር በሆነበት ጊዜ የኬብል መቆረጥ የሐዲድ መቆረጥን ያህል ያስከፍላል። በዝቅተኛው ምሕዋር የሚያልፍ መስመር ኬብልን አይተካም፤ ኬብል ሲቆረጥ ግን ተጠባባቂ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው የውድድር ጉዳይ ነው። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በአገሪቱ ለመጀመሪያ ጊዜ መረቡን ለደንበኛ የከፈተው በድሬዳዋ ነው፤ ነሐሴ 23 ቀን 2014 ዓ.ም.። ለፈቃዱ እ.ኤ.አ. በ2021 የተከፈለው 850 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ኢትዮ ቴሌኮም ደግሞ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. የ10 በመቶ ድርሻውን 100 ሚሊዮን አክሲዮኖች እያንዳንዳቸውን በ300 ብር ለሽያጭ አቅርቦ፣ 10.7 ሚሊዮን ገደማ ተሸጧል። ከድሬዳዋም ሆነ ከሌላ ከተማ የገዛ ሰው ካለ የሰማዩ ጉዳይ የኪሱ ጉዳይ ነው። ብዙ ገንዘብ አፍስሶ ምሰሶ የተከለ ድርጅት ምሰሶ የማያስፈልገው ተፎካካሪ ሲመጣበት ምን እንደሚያደርግ በኬንያ ታይቷል። ስታርሊንክ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2023 ኬንያ ገባ። በሐምሌ 2024 የኬንያው ሳፋሪኮም የሳተላይት ድርጅቶች ለብቻቸው ፈቃድ ከሚሰጣቸው ከአገር ውስጥ ድርጅቶች ጋር ተጣምረው እንዲሠሩ ተቆጣጣሪውን መሥሪያ ቤት ጠየቀ። በዚያው ዓመት ስታርሊንክ 50 ጊጋ ባይት በወር በ1,300 ሽልንግ፣ ማለትም በ10 ዶላር አካባቢ ይሸጥ ነበር። 

ይሁን እንጂ የሰማዩም መጋዘን ይሞላል። በኅዳር 2024 በናይሮቢና በአካባቢዋ ደንበኛው ከአቅም በላይ ስለሆነ ኩባንያው አዲስ ሽያጭ አቁሞ ነበር። ሳተላይት ሰው በተጨናነቀበት ከተማ ደካማ፣ ሰው በተበተነበት ገጠር ብርቱ ነው። ከዚህ የሚከተለው፣ በቀፊራና በከዚራ ኬብልና ምሰሶ ያሸንፋል፤ ወደ ሽንሌ፣ ወደ አይሻና ወደ ደወሌ በሚወስደው ባዶ መንገድ ላይ ግን ሰማዩ ያሸንፋል። ከብት የሚነዳው፣ ጫት የሚያጓጉዘውና ተሳቢ የሚልከው ሰው ዕቃው የት እንደደረሰ የሚያጣው በዚሁ መንገድ ላይ ነው።

ሁለቱ ወገኖች ሲጣመሩም ታይቷል። በኢትዮጵያው ሳፋሪኮም ውስጥ ድርሻ ያላቸው ቮዳፎንና ቮዳኮም እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 የአማዞን ሳተላይቶችን ለሩቅ ምሰሶዎች ማገናኛ ለመጠቀም ተስማምተዋል። አማዞን የመጀመሪያዎቹን 27 የአገልግሎት ሳተላይቶች ያመጠቀው በሚያዝያ 2025 ነው። ይህ መንገድ ከሠመረ ገጠር ያለው ሰው ሰሃን ሳይገዛ በእጁ ባለው ስልክ ሳተላይቱን ይጠቀማል። ሰሃን አስመጥቶ ለመሸጥ ያሰበ ነጋዴ ግን ይህን ማሰብ አለበት።

ሦስተኛው የፈቃድ ጉዳይ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 መሠረት በኢትዮጵያ የመገናኛ አገልግሎት የሚሰጥ ማንኛውም ድርጅት ከኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ ማግኘት አለበት፤ መሣሪያውም ዕውቅና ያሻዋል። ጎረቤት ኬንያ ፈቅዳለች፣ ሶማሊያም እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2025 ፈቃድ ሰጥታለች። በመሆኑም ዕቃው ከድንበር ማዶ አለ ማለት ነው። ድንበር ማዶ ያለ ዕቃ ደግሞ በሌሊት የሚሻገርበት መንገድ እንደማይጠፋ ድሬዳዋ ታውቃለች።

ነገር ግን ይህ ዕቃ እንደ ልባሽ ጨርቅ ወይም እንደ ቴሌቪዥን አይደለም። ቴሌቪዥን በኮንትሮባንድ ቢገባም ይሠራል። የሳተላይት ሰሃን ግን ሰማዩ ላይ ያለው ባለቤቱ የት እንዳለ ያየዋል። ስታርሊንክ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 ባልተፈቀደላቸው አገሮች ውስጥ ሰሃኑን ይጠቀሙ ለነበሩ ደንበኞች አገልግሎታቸው እንደሚቋረጥ ማስጠንቀቂያ ልኳል። የተቋረጠበት ሰሃን ከግድግዳ ጌጥ አይሻልም። በኬላ ላይ የሚወረሰው እንዳለ ሆኖ፣ ኬላውን ያለፈውም በአንድ ቀን ትእዛዝ ዋጋ ሊያጣ ይችላል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

ከዚህም ጋር ምንዛሪው አለ። የሰማዩ ሒሳብ መነሻው ዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመለቀቁ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር፤ ዓመት ሳይሞላ ከ120 ብር በላይ ሆኗል። ለኬንያው ደንበኛ 10 ዶላር የሆነው የወር ክፍያ ለኢትዮጵያው ደንበኛ በመጀመሪያው ዋጋ 570 ብር፣ በሁለተኛው 1,200 ብር ነው። ሳተላይቱ ምንም ሳይለወጥ ዋጋው እጥፍ ሆነ ማለት ነው።

የምድሩ ድርሻ

እንግዲህ ትርፉ የት ነው ቢባል፣ ታሪክ የሚያሳየው ነገር አለ። ባቡሩን የሠሩት ፈረንሳዮች በሐዲዱ ብዙ ተቸግረዋል፤ የመጀመሪያው ኩባንያቸው ከስሮ ሥራው በሌላ ተተክቷል። በባቡሩ የበለጸገው ግን በጣቢያው አጠገብ መጋዘን የሠራው፣ ዕቃ የተቀበለውና ያከፋፈለው ነው። የሳተላይቱም ነገር ከዚህ አይርቅም። ዝቅተኛው ምሕዋር ላይ ያለ ሳተላይት የሰበሰበውን መልእክት የሚያራግፍበት የምድር ጣቢያ ይፈልጋል። ጣቢያውም ጠንካራ የኬብል መስመር፣ የማይቋረጥ ኤሌክትሪክ፣ ሜዳ የሆነ ቦታና ዝናብ ያነሰበት ሰማይ ይፈልጋል። ብርቱ ዝናብ ሞገዱን ያደክመዋልና። በጅቡቲ መስመር ላይ የምትገኝ፣ ቆላ የሆነች፣ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2022 የአገሪቱ የመጀመሪያ ነጻ የንግድ ቀጠና የተከፈተባት ከተማ ከእነዚህ ብዙዎቹን ታሟላለች። ይህን ለባለሀብት የሚያሳይ ሰነድ ማዘጋጀት ሮኬት ከመሥራት እጅግ የቀለለ ሥራ ነው።

ሮኬቱም ቢሆን ወደ አካባቢው ይመጣል የሚል ተስፋ ተሰምቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 2023 ጅቡቲ ከሆንግ ኮንግ ኤሮስፔስ ቴክኖሎጂ ግሩፕ ጋር በኦቦክ ክልል የሮኬት ማምጠቂያ ለመሥራት የመግባቢያ ሰነድ ፈርማለች። የታሰበው ወጪ 1 ቢሊዮን ዶላር፣ የማምጠቂያ መድረኮቹም ሰባት ነበሩ። ቦታው ለምድር ወገብ መቅረቡ ጥቅም አለው። ምድር በወገቧ ላይ በሰዓት 1,670 ኪሎ ሜትር ያህል ስለምትሽከረከር ወደ ምሥራቅ ለሚነሣ ሮኬት በነጻ ግፊት ትሰጠዋለች። ጣሊያኖችም በኬንያ ማሊንዲ ዳርቻ ባሕር ላይ ካቆሙት መድረክ ኡሁሩ የተባለችውን ሳተላይት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1970 ያስነሡት በዚሁ ምክንያት ነው። ሆኖም የመግባቢያ ሰነድ ወደብ አይደለም። ፕሮፎርማ ያወጣ ሁሉ ዕቃ እንደማይገዛ ነጋዴው ያውቃል።

ስለዚህ በዚህ ገበያ ዓይኑን ማሳረፍ የሚፈልግ ሰው ሦስት ቦታ ይመልከት። አንደኛው አዲስ አበባ ያለው ባለሥልጣን ለሳተላይት አገልግሎት የሚያወጣው የፈቃድ መመሪያ ነው፤ ፈቃዱ ለብቻ ነው ወይስ ከአገር ውስጥ ድርጅት ጋር በመጣመር የሚለው ማን ሰሃን እንደሚሸጥ ይወስናል። ሁለተኛው የሮኬት ጭነት ዋጋ ነው፤ የቻይናና የህንድ ማጓጓዣዎች በብዛት ሲገቡ ኪሎው ይወርዳል ወይስ በ6 ሺህ ዶላር ላይ እየጨመረ ይሄዳል የሚለው የወር ክፍያውን ይወስናል። ሦስተኛው የቀይ ባሕር ኬብሎች ደኅንነት ነው። ሦስቱ እስኪለዩ ድረስ ቀብድ ከመክፈል ይልቅ ዋጋ እየጠየቁ መቆየት ያዋጣል።